አምስት ድምፅ በአንድ ፋይል

ጃብሪያ፣ ኩዌት
ሚያዝያ 2 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዮዳሄ፣

የሰላም ጌታ ከደጃችሁ አይራቅ። እናትህ ጉልበቷን እንዴት ሆነች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስልህ በሽታው አልያዘኝም ማለቴ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ራሴን አልጠየቅሁትም።

በድምፅ ትልክልኝ የነበረች አክስቴ ዛሬ ምን ነካት፣ ደብዳቤ ጀመረች እንዳትል። ቤቱ ሙሉ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ አሠሪዬ ባባም ሥራ አይገባም፤ ሰባት ሰው ቀኑን ሙሉ እኔ ላይ ነው። ማዳም ደግሞ በማታውቀው ቋንቋ ሳወራ ከሰማች እሷን የማማት ይመስላታል። አንዳንዴ እውነቷን ነው። ስለዚህ በቴሌግራም እጽፍልሃለሁ፣ አንተም ጻፍልኝ።

ሐዋሊ ያለው የጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ዛሬ አምስተኛው ዓርብ ነው። እኛ እኮ የምንኖረው ለዓርብ ነበር። አሁን ዓርቡም ማክሰኞውም አንድ ሆኖብኛል። የበር እጀታ በክሎሪን እወለውላለሁ፣ ስጨርስ መልሼ ከመጀመሪያው በር እነሳለሁ።

መሪያችን ዘነበወርቅ አንድ ነገር አሰበች። አምስታችንም በየሰው ቤታችን ሆነን አዲሱን መዝሙር በስልክ እንቅዳ፣ ከዚያ አንድ ሰው ይገጣጥመው አለች። «የእህትሽ ልጅ ስቱዲዮ አለው አላልሽንም?» አለችኝ። እኔም አፌን ሞልቼ አለው አልኩ። አልጋና ብርድ ልብስ ያለበት ክፍል ስቱዲዮ ከተባለ ማለቴ ነው።

አምስታችን ማለት ዘነበወርቅ፣ ሁለቱ የወላይታ እህትማማቾች፣ እኔና አልጋነሽ ነን። አልጋነሽን መቼም ታውቃታለህ፤ የእማማ ሀረገወይን ልጅ፣ ከእናንተ አጥር ማዶ። ሪቃይ የሚባል ሰፈር ነው የምትሠራው፣ ማማ ኸይሪያ የሚባሉ አሮጊት ታስታምማለች። ዜማ ላይ እንዴት እንደሆነች ምን ልበልህ፤ እኛ ወደ ቀኝ ስንሄድ እሷ ወደ ግራ ናት። ከእሷ በላይ መዝሙር የሚወድ ሰው ግን አላየሁም። እዚህ በቆየችባቸው ዓሥራ አንድ ዓመታት ዕረፍት በተሰጣት ዓርብ ሁሉ ቀድማን ደርሳ ምንጣፍ ስታነጥፍ ነው የምናገኛት።

እንግዲህ በምን እንደምንቀዳና እንዴት እንደምንልክ ንገረን። ሁላችንም የምናውቀው ማይኳን ተጭኖ ማውራት ብቻ ነው።

አክስትህ ሙሉዓለም


ሆሳዕና፣ ኢትዮጵያ
ሚያዝያ 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለምወድሽ አክስቴ ለሙሉዬ፣

ጌታ አንቺንም የማዳምሽንም ቤት ከክፉ ይሸፍን። የእማዬ ጉልበት ተሽሎታል፤ ምላሷ ግን ከጉልበቷ ቀድሞ ነው የዳነው።

አልጋው ወጥቷል፤ ልብ አድርጊ። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ትሪ ለጥፌበታለሁ። ብርድ ልብሱ አለ፤ እሱ መሣሪያ ነው። ባለፈው ወር ብቻ የሦስት ዘማሪ ሥራ ወጥቶበታል፣ ከፈለግሽ ሰው ጠይቂ።

መጀመሪያ የማይደረገውን ልንገርሽ። በዋትስአፕ ማይክ ተጭኖ መላክ የለም። እሱ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልከው። ለወሬ ይበቃል፤ ለመዝሙር ከሆነ ግን ጭማቂው መንገድ ላይ ቀርቶ እኔ ጋ የሚደርሰው ልጣጩ ነው። የድምፅ መቅጃ አፕ አውርዱ። ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ፎርማት የሚለው ላይ ዋቭ ካለ እሱን ምረጡ። ከሥሩ ቁጥር ይመጣል፤ አንዳችሁ 44100፣ ሌላችሁ 48000 እንዳታደርጉ። ሁላችሁም 48000። ዋቭ የሌላት ኤም ፎር ኤ ትቅዳ፣ ጥራቱን ግን እስከ ጣሪያው ትክፈተው። ኤምፒ ስሪን አትንኩት። ኤምፒ ስሪ ሥራው ሁሉ አልቆ ለሰው ሲታደል ነው፤ ያኔም እኔ ነኝ የምቀይረው።

ስትልኩ በቴሌግራም፣ «ፋይል» በሚለው በኩል ብቻ። ዋቭ በደቂቃ ስድስት ሜጋባይት ያህል ይበላል፤ ግን የዋይፋዩን የሚከፍለው ባባ ነው አይደል?

በኪቦርድ የሠራሁትን ማጀቢያ ልኬልሻለሁ። እሱን በአንድ ጆሯችሁ በማዳመጫ እየሰማችሁ፣ ሌላውን ጆሮ ለራሳችሁ ተዉት። ከመጀመራችሁ በፊት አንዴ አጨብጭቡ፤ በጭብጨባዋ ነው የማሰልፋችሁ። የምትቀዱበት ቦታ ልብስ የበዛበት ይሁን። ድምፅ ያምርበታል ብላችሁ መታጠቢያ ቤት እንዳትገቡ፣ ሁሉም ሰው እዚያ ጎበዝ ዘማሪ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ኮምፒውተሬ ሞልቶ ሊተነፍስ አልቻለም። ለመጣ ሰው የምትልኪልኝ ያገለገለ ሀርድ ዲስክ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

የእህትሽ ልጅ ዮዳሄ


ጃብሪያ
ግንቦት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለዮዳሄ፣

እንደ ቃሉ በረከቱ ይድረስህ። አንድ ወር ጠፋሁ፤ ሰበብ አልደረድርም። ሐዝር የሚሉት ሰዓት እላፊ ድሮ ማታ ማታ ነበር፣ ከእሁድ ጀምሮ ቀኑንም ወስዶታል፤ ሰው ከቤቱ አይወጣም። እኔ መቼ ወጥቼ አውቃለሁ። ማዳም ግን መስኮት ላይ ቆማ «ታሰርን» ትላለች፣ እኔም አዎ እላለሁ።

ሀርድ ዲስኩን እርሳው። ሱቁም ዝግ ነው፣ አውሮፕላንም የለም፣ የሚመጣም ሰው የለም።

አምስቱም ፋይል ዛሬ ይደርስሃል። እኔ የቀዳሁት የማዳም ዓባያ የሚሰቀልበት ጓዳ ውስጥ ነው፤ ስምንቴ ተሳስቼ በዘጠነኛው ተሳካ። እህትማማቾቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ቀድተዋል፣ በላብ አለቁ። ዘነበወርቅ በአንዴ ጨረሰች፣ እሷ ናት።

አልጋነሽ ተቸግራለች። ማማ ኸይሪያን ከልጆቻቸው ለይተው ፎቅ ላይ አድርገዋቸዋል፤ እሷም አብራ ተዘግታለች፣ ምግብ ደረጃ ላይ ነው የሚቀመጥላት። ኦክስጅን የሚነፋው ማሽን ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። አሮጊቷ ደግሞ ዓይናቸው ከእሷ ላይ ከተነሳ ይጨነቃሉ። ስለዚህ አልጋቸው ግርጌ ተቀምጣ ነው የዘመረችው። አንተ እንዳልከው በዋቭ፣ በ48000። «ማሽኑ ትንሽ ይሰማል እንጂ ድምፄ ወጥቷል» ብላለች። ደግሞ አደራ ብላለች፤ «ዮዳሄ ከመዝሙሩ እንዳያወጣኝ፤ እናቴ ትሰማዋለች።»

አክስትህ ሙሉዓለም


ሆሳዕና
ግንቦት 7 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለሙሉዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። አራታችሁን አሰልፌያለሁ፤ እውነት እውነት እልሻለሁ ባለሙያ ናችሁ። አንቺማ ጓዳው ውስጥ ሌላ ሰው ሆነሻል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ብቻሽን ከፍ ስትዪ እማዬ ከውጭ ሰምታ ማናት አለችኝ። እህትሽ ናት ስላት አላመነችም።

ችግሩ አልጋነሽ ናት። ጥፋቱ ያው የእኔ ምክር ነው። በዋትስአፕ ልካው ቢሆን ጨመቃው ማሽኑን ትንሽ ይበላው ነበር፤ ዋቭ ግን የሰማውን ሁሉ በታማኝነት ያስቀምጣል። ማሽኑ ከአንቺ ጭብጨባ በላይ ጥርት ብሎ ይነፋል። እሱን ለማጥፋት ስሞክር እሷም አብራው ትጠፋለች፤ ድምፃቸው አንድ ቦታ ላይ ነው ያለው። ማሽኑን እንኳ ብንተወው ዜማው አለ። ሦስት ቦታ ላይ ጎትቼ ላቃናት ሞከርኩ፣ የቆርቆሮ ድምፅ አወጣች። መሐል ላይ አሮጊቷ ይጠሯታል፣ እሷም መዝሙሩን ሳታቆም ውሃ ታጠጣቸዋለች መሰለኝ፤ ብርጭቆው ይሰማል።

ከገባች መዝሙሩ ይበላሻል። ካልገባች አደራዋ አለ። ምን ላድርግ?

ዮዳሄ


ጃብሪያ
ግንቦት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ዮዳሄ፣ ጌታ ይርዳህ።

እንደሚሆን አድርገው። ዘነበወርቅ በየቀኑ አለቀ ወይ ትለኛለች። አንተ ባለሙያው ነህ።

ብቻ አልጋነሽ እንዳታውቅ።

ሙሉዓለም


ሆሳዕና
ግንቦት 21 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለሙሉዬ፣

በደህና ያቆይሽ። መዝሙሩ አልቋል፤ በሦስት ዓይነት አውጥቼዋለሁ። ዋቩ ለማስቀመጫ ነው፣ ለሰው አትላኩት። ኤምፒ ስሪ በ320 ለናንተ ነው። በ128 ያወጣሁት ደግሞ ስልኩ ትንሽ፣ ካርዱ ጥቂት ለሆነ ሰው ነው፤ ልዩነቱን የሚሰማ እንደ እኔ ያለ እብድ ብቻ ነው።

ያልሽውን አድርጌዋለሁ፤ አልጋነሽ የለችበትም። ቦታዋ ባዶ ሆኖ እንዳያስታውቅ ያንቺን ድምፅ ደግሜ ከጎን አስገብቼዋለሁ። አሁን አምስት ይመስላችኋል፣ ቢቆጥሩም አምስት ነው። የተናጠል ፋይሎቹን ከኮምፒውተሬ አጥፍቻለሁ፤ ቦታ የለኝም።

አልጋነሽ በጠየቀችው መሠረት ለእማማ ሀረገወይን በፍላሽ ሰጥቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ዋቩን ብጭንላቸው ስፒከራቸው አላነበበውም፤ በ128ቱ ቀየርኩላቸው። ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልለው ነው የወሰዱት።

ዮዳሄ


ጃብሪያ
ሰኔ 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዮዳሄ፣

መጽናናቱ ከላይ ይምጣላችሁ። ከመጨረሻው ልጀምር፤ አልጋነሽ አርፋለች። ሰኞ ሰኔ 15። ማማ ኸይሪያ ናቸው ቀድመው የሞቱት፣ በስምንት ቀን። በሽታው እሷንም ይዞ፣ ሆስፒታል ያስገቧት ቆይተው ነው። እዚሁ የክርስቲያኖች መቃብር ተቀበረች። ማንም እንዲሄድ አልተፈቀደም፤ ዘነበወርቅ ያለችበት ሐዋሊም በበሽታው ምክንያት ተከቦ ስለነበር በሯን እንኳ ማለፍ አልቻለችም። አስከሬን አይላክም አሉን።

አለቀስኩ እንዳልልህ፣ አላለቀስኩም። ዘነበወርቅ ስትነግረኝ ሩዝ እያጠብኩ ነበር። ሩዙን አጥቤ ጨረስኩ፣ ጣድኩት። ማታ ማዳም ዛሬ ጨው ረስተሻል አለች። ሌላ የሆነ ነገር የለም። አንዳንዴ ደረቴን በእጄ እነካዋለሁ፣ ያለ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልንገርህ። መዝሙሩ የደረሳት ቀን ደውላልኝ ነበር፣ በሹክሹክታ፤ አሮጊቷ ተኝተው። «ሰማሽኝ?» አለችኝ። «ሁለተኛው አዝማች ላይ ከፍ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ እንዲህ መሆኔን አላውቅም ነበር።» አዎ፣ አንቺ ነሽ አልኳት። ከዚያ በኋላ ስልኳ ላይ ሌላ ነገር አትሰማም ነበር አሉ።

እንግዲህ መርዶውን ለእማማ ሀረገወይን እናንተ ናችሁ የምትነግሩት። በስልክ እንዳይሰሙ። እናትህ ሽማግሌ ትያዝ፣ በማለዳ ይሁን፣ ቁርስ ሳይቀምሱ እንዳይሆን።

ሙሉዓለም


ሆሳዕና
ሐምሌ 17 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሙሉዓለም፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ያጽናን። ዝም ያልኩሽ ወድጄ አይደለም፤ በመላ አገሩ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሰነበተ። ግን አልዋሽሽም፣ የዋይፋዩ ከተመለሰ ቀናት አልፈዋል። ቁጭ ብዬ ነበር።

መርዶውን እንዳልሽው በማለዳ ነገርናቸው። ድንኳን ተጣለ፤ ሰው እንዳይበዛ ተብሎ በየተራ ነው የተገባው። አስከሬን የሌለበት ልቅሶ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ወዴት እንደሚያይ አያውቅም። ወንበር ላይ ፎቶዋን አቆምን። በሦስተኛው ቀን ፓስተሩ ጸለዩና መዝሙሯ ይሰማ አሉ። ስፒከሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው አዝማች ሲደርስ እማማ ሀረገወይን ተነሱ። በእጃቸው ዝም በሉ አሉን። «ይቺ ናት» አሉ። «ይቺ ናት ልጄ። ትሰማላችሁ? ይቺ ከላይ ያለችው።» ሰው ሁሉ አለቀሰ። ያ ድምፅ ያንቺ ነው፣ ሙሉዬ። እኔ ስፒከሩ አጠገብ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

አሁን በየጠዋቱ ከአጥር ማዶ ይከፍቱታል። ትናንት ጠሩኝ፤ «አንተ መቼም ታውቅበታለህ፣ የእሷን ለብቻው አውጣልኝ፤ ሌሎቹን እመርቃቸዋለሁ ግን እሷን ብቻ ልስማ» አሉኝ። አንዴ ከተቀላቀለ አይለይም አልኳቸው። ይሄ እውነት ነው። እውነት ተናግሬ እንደዋሸሁ ሆኖ ተሰማኝ።

ከዚያ ቤት ገብቼ ቴሌግራሙን ወደ ኋላ ፈለግሁት። ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት እንጂ አምስቱም የላካችሁት እዚያው አለ። የአልጋነሽም አለ፣ አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ። እንደገና ገጣጥሜ ላስገባት እችላለሁ። ወይስ እንዳለ ይቅር? አንቺ ንገሪኝ፤ ያን ጊዜም የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ይቅርታ፣ እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ግን ጽፌዋለሁ፣ አላጠፋውም።

ዮዳሄ


ጃብሪያ
ነሐሴ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለዮዳሄ፣

ምሕረቱ ለሁላችን ይሁን። አልታመምኩም። ስልኩን እከፍትና የጻፍከውን አነባለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት አለፈ። ጥፋተኛ አድርገኸኛል ብዬ አልተቀየምኩህም። የነገርኩህ እኔ ነኝ።

አስገባት። የእኔን የደገምከውን አውጣው። ሁለተኛው አዝማች ላይ እኔን ዝቅ አድርገኝ፣ እሷን ከላይ አውጣት፣ ማሽኑም ይሰማ፣ አሮጊቷም ይጥሯት። ዘነበወርቅ ቅር ቢላት ከእኔ ጋር እንነጋገራለን። እናት የልጇን ድምፅ ትስማ፣ የኔን ምን ያደርግላታል።

ለእማማ ምንም አትንገራቸው። ፍላሹን ብቻ ቀይርላቸው።

ሙሉዓለም


ሆሳዕና
ጳጉሜ 2 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለሙሉዬ፣

አዲሱ ዓመት ከዚህኛው ይሻል ዘንድ ይፍቀድልን።

ያልሽውን ሁሉ አደረግሁ። ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። ከማሽኑ ድምፅ ላይ አንድም ነገር አልቀነስኩም። በ128 አውጥቼ ለእማማ ሀረገወይን ወሰድኩላቸው። ፍላሹ አቧራ ገብቶበታል፣ ላጽዳው ብዬ ነው የቀየርኩት።

ከፈቱት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሁለተኛው አዝማች ሲደርስ አልጋነሽ ከላይ ወጣች፤ እንደምታውቂያት፣ እናንተ ወዲያ እሷ ወዲህ። እማማ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። አሮጊቷ ስሟን ሲጠሩ፣ ብርጭቆው ሲንኳኳ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ «ያ የሚነፋው ምንድን ነው?» አሉኝ።

የመተንፈሻ ማሽን ነው አልኳቸው።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ድምፁ የእሷ ነው፤ ከልጅነቷም ስታጉረመርም እንዲሁ ናት። ግን እዚህኛው ላይ ታማለች። አይሰማህም እንዴ? ታማ ነው የዘመረችው፣ ማሽኑ ላይ ሆና። ማነው ታማ እያለች የቀዳት?» የአሮጊቷ ማሽን ነው፣ እሷ ያኔ ደህና ነበረች ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ያን ካልኩ ደግሞ የፊተኛዋ ማን ነበረች ይሉኛል።

ስፒከሩን ዘጉት። «ልጄ» አሉኝ፣ «ደክመህበታል፣ ጌታ ይክፈልህ። ግን ያኛውን መልስልኝ። ደህና ሆና የዘመረችበትን።»

የፊተኛው ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነው። አልመለስኩላቸውም፣ ነገ እላለሁ እያልኩ ሦስት ቀን ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ከአጥር ማዶ ድምፅ የለም።

ዮዳሄ


ጃብሪያ
መስከረም 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዮዳሄ፣

ዘመኑ ለእናትህ ጉልበት፣ ላንተም ልብ ይስጥልን። በጳጉሜ 4 «መልስላቸው» ብዬ የላክሁልህን አይተህ ወዲያው እንደመለስክላቸው እናትህ ነግራኛለች። ደግ አደረግህ። ከእንግዲህ ያንን ፋይል አትንካው፣ አታሳምረው፣ በሌላ ዓይነት አታውጣው። የአልጋነሽን ዋቭ እኔም ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ገና አልሰማሁትም።

የሐዋሊው ቤት እስካሁን እንደተዘጋ ነው። ዘነበወርቅ ሌላ መዝሙር እንቅዳ አለች፤ እኔ ድምፄ ዘግቷል አልኳት። አልዘጋም።

ለዘመን መለወጫ ለእማማ ሀረገወይን ደወልኩ። ማዳም ፈቅዳልኝ ነው፣ ጓሮ ወጥቼ። እንኳን አደረሰዎ አልኩ፤ እንኳን አብሮ አደረሰን አሉኝ። ከበስተኋላ መዝሙሩ ይሰማል፣ አልዘጉትም። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ እህትማማቾቹ ጠየቁኝ። ከዚያ ደግሞ፣

«አንቺም እዚህ መዝሙር ውስጥ አለሽ ይሉኛል» አሉኝ። «በየጠዋቱ እሰማዋለሁ፤ ሁሉንም ለይቻለሁ። አንቺን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁሽም።»

«እኔ ዝቅ ብዬ ነው የዘመርኩት፣ እማማ» አልኳቸው።

አክስትህ ሙሉዓለም